ጨው ውሃ የተወጉት አይጦች

የጡረታ ፎርሜን የምትሞላው ልጅ «የሥራ መደብ» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«የእንስሳት ተንከባካቢ ይላል። የምን እንስሳ ነው አባባ?»

«አይጥ» አልኳት።

ሳቋን ልትደብቅ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች። ቆይታ፣ «እኛ ቤት እኮ ያለ ተንከባካቢ ሞልተዋል» አለች። እኔም ሳቅሁ። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ቀልድ በየመልኩ ሰምቼዋለሁ። ጎረቤቶቼ ፊት ለፊት «ላቦራቶሪ ነው የሚሠራው» ይሉኛል፤ ዞር ስል «የአይጦቹ ኤልያስ» ነኝ። አልዋሹም። ግን ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ሳለ የአይጦቹ ሥራ ምን እንደነበር በዚያ መስኮት በኩል ማስረዳት አይቻልም ነበር። አሁን ጊዜ አለኝ።

ሥራ የጀመርኩት በከብት ነው። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ቱም ላይ በምትገኝ ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ትውልዴ ቴፒ አጠገብ ነው፤ በቤታችን የምንነጋገረው በሸኮኛ ነበር፣ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ቱም ስሄድ ደግሞ የአካባቢውን ቋንቋ ስለማላውቅ ከከብት ባለቤቶች ጋር የምንግባባው በተሰባበረ አማርኛና በእጅ ምልክት ነበር። አገሩ ቆላ ነው፤ ገንዲ የሚባለው በሽታ ከብቱን ይፈጀዋል። በሽታውን የሚያስተላልፈው ዝንብ ከነከሰው በኋላ በሬው ቀስ በቀስ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ በመጨረሻ ከተኛበት አይነሳም። በገበያ ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር መርፌ ስወጋ እውላለሁ።

አለቃዬ ቁጡ ሰው ነበር። አንድ ነገር ግን ተምሬበታለሁ። ባለቤቱ «ትናንት ነው የታመመብኝ» ሲል አለቃዬ በትዕግሥት ይሰማዋል፤ ዓይኑን ግን ከበሬው ቆዳ ላይ አያነሳም። «ሰውየውን ስማው፤ በሬውን እመነው» ይለኝ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ይመጣልም ይዘገይማል። ያባረረኝ ግን ደመወዙ ሳይሆን ወባ ነው። እየተመላለሰ ሲጥለኝ ሐኪም ደጋ ወይም ወይና ደጋ እንድዛወር ጻፈልኝና ሚዛን መጣሁ።

ሚዛን የተመደብኩት አንድ የጤና ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ነበር። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። በአንደኛው ክፍል ነጭ አይጦች ይኖራሉ፤ በሁለተኛው ይሠራባቸዋል። መጀመሪያ ሳያቸው ቅር አለኝ። ከበሬ ወደ አይጥ መውረድ ሹመት አይመስልም።

ሐሳቤን የቀየረው ጋሽ ሙሉጌታ ነው። አዲስ አበባ በትልቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ፀጉሩ እስኪሸብት ያገለገለ ሰው ነበር። ልጁ ሚዛን በመምህርነት ስለተመደበች እሷን ተከትሎ መጣና በኮንትራት ተቀጠረ። ጠዋት ከሁላችንም ቀድሞ ይገባል። በሩን ከፍቶ መብራቱን አያበራም፤ እጁን ማብሪያው ላይ አድርጎ አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ይሰማል። «ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፉ ድምፃቸው ይነግርሃል» አለኝ። እውነትም ከጊዜ በኋላ የታመመች አይጥ ያለችበትን ሳጥን በጨለማ መለየት ቻልኩ፤ እዚያ ያለው የመንቀሳቀስ ድምፅ የተለየ ነው።

ሽታ ያለው ሳሙና ከልክሎኛል፤ የፀጉር ቅባትም ሽቶም። አይጥ ከማንሳቱ በፊት እጆቹን አፋትጎ ያሞቃል። «ቀዝቃዛ እጅ እባብ ነው የሚመስላቸው» ይላል። በጅራቷ ጎትቶ ሲያነሳ አላየሁትም፤ መዳፉን ከሆዷ ሥር ያስገባል፣ ክንዱ ላይ ያስቀምጣታል፣ እስክትረጋጋ ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሚዛኑ የሚወስዳት። የነከሰችኝ ቀን ደሜን እያየ «ጥፋቱ የማን ነው?» አለኝ። «የሷ» አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። በሚቀጥለው ጊዜ ስነከስ ሳይጠይቀኝ «የኔ ነው» አልኩት።

ከሁሉም በላይ ግን ይጽፋል። የሚጽፈው በእርሳስ ነው፤ በዚያ እርጥበት እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ይፈስሳል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ከደበደበው ይጽፋል። መብራት ከሄደ ይጽፋል። እንግዳ ገብቶ ጮክ ብሎ ካወራ ስሙንና ሰዓቱን ይጽፋል። «ጋሽ ሙሉጌታ፣ ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?» ብዬ ጠየቅሁት። «አላውቅም» አለኝ። «ብናውቅማ የሚጠቅመውን ብቻ እንጽፍ ነበር።»

ዶክተር ሰላማዊት የመጣችው ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። የሚዛን ልጅ ናት፤ አባቷ እዚሁ አስተማሪ ነበሩ። ሐኪምነቷን ጨርሳ ለከፍተኛ ዲግሪዋ ጥናት ልትሠራ ነበር ወደ አገሯ የተመለሰችው። በዚያን ጊዜ ጫት በየመንገዱ ዳር መሸጥ የተለመደ ሆኖ ነበር። ሾፌሩ መንገድ እንዲያሳጥርለት፣ ተማሪው ፈተና እንዲያጠናበት ይቅማል። እሷ ማወቅ የፈለገችው በጫት ውስጥ ያለው የሚያነቃቃ ነገር ደጋግሞ ሲሰጥ የእንስሳው ጠባይ ምን እንደሚሆን ነው። ንጥረ ነገሩ ተጣርቶ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሳጥን ይመጣላት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሽ ኤልያስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንድ አይጥ ይህን መድኃኒት ዛሬ ብንወጋው ይሮጣል። በየሁለት ቀኑ ያንኑ ያህል፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ ብንደጋግምለት፣ በመጨረሻው ቀን ሩጫው ምን የሚሆን ይመስልዎታል?»

«ይለምደውና ይቀንሳል» አልኳት። መጠጥ የለመደ ሰው ሁለት ብርጭቆ እንደማይሰማው ማን ያጣዋል።

«እናያለን» አለች።

አሠራሩ ይህ ነበር። ወለሉ በመስመር ወደ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ሰፊ የእንጨት ሳጥን አለ፤ እኛ «ሜዳው» እንለው ነበር። አይጡን ጠዋት እመዝናለሁ፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ የሚለካው በክብደቱ ነው። ሆዱ ላይ ይወጋል፣ ሜዳው ውስጥ ይገባል፣ እኔ ከላይ ሆኜ በእጅ መቁጠሪያ ስንት መስመር እንዳቋረጠ ግማሽ ሰዓት እቆጥራለሁ። ከዚያ የሚቀጥለው እንዳይሸተው ሜዳውን በአልኮል እወለውላለሁ። ግማሾቹ መድኃኒቱን ያገኛሉ፤ ግማሾቹ ልዩነቱ እንዲታይ ጨው ያለበት ንጹሕ ውሃ ብቻ ይወጋሉ። የጨው ውሃዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ያሸታሉ፣ ከዚያ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ።

በጥቂት አይጦች ሞከርነው። የመድኃኒቶቹ ሩጫ ይቀንሳል ብዬ ስጠብቅ በየጊዜው ባሰ። መጠኑ ያው ነው፤ አይጡ ግን ያው አልነበረም። በመጨረሻዎቹ ቀናት አውራ ጣቴ መቁጠሪያውን ሊከተለው አቃተው። አንዳንዱም ሩጫውን ትቶ አንድ ጥግ ላይ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዘ ያንኑ ቦታ ያሸታል፣ ያሸታል፣ ያሸታል።

«ለምን አልለመደውም?» አልኳት።

«አንዳንዱ ነገር ይለመዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ይማሩታል» አለችኝ። «አእምሮው እየተማረው ነው። ስለዚህ በትንሽ ነገር ብዙ ይነሳል።»

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሙከራው ካለፈ በኋላ ትልቁን ዙር ጀመርን፣ ከአርባ በላይ በሆኑ አይጦች። ክረምት ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ ዓይኑን ሊታከም አዲስ አበባ ሄዶ ቤቱን ለእኔ ትቶልኛል። አይጦቹ የሚተኙበትን ሰጋቱራ የሚሰጠን አናጢ በዚያው ሳምንት እንጨት አለቀበት፤ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ነበር። ያለን ሰጋቱራ ለላይኛው መደርደሪያ ብቻ የሚበቃ ሆነ። እርጥብ መኝታ ደግሞ አይጥ ይገድላል። ስለዚህ ከቡና መፈልፈያው ሁለት ከረጢት ገለባ አመጣሁና የታችኛውን መደርደሪያ በእሱ ሞላሁት። ገለባው ደረቅ ነበር፣ ቀሊል ነበር፣ ሽንቱን ጥሩ አድርጎ ይመጥጣል። አይጦቹ ወደዱት፤ ጎጆ ሠሩበት፣ እየቆረጣጠሙ ተጫወቱበት። ብልህነቴ ደስ አሰኘኝ። ደብተሩ ላይ «መኝታ ተቀይሯል» ብዬ ጻፍኩ፤ በምን እንደተቀየረ አልጻፍኩም። የታችኛው መደርደሪያ የጨው ውሃዎቹ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መንገዱ ተከፈተና ሰጋቱራ መጣ። ገለባውን ጠርጌ ጣልኩት፤ ከዚያ በኋላ አላሰብኩትም።

ዶክተር ሰላማዊት ግን ገለባው ገና ሳይነሣ ቁጥሮቹን ስታይ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። የጨው ውሃዎቹ ይሮጣሉ። እንደ መድኃኒቶቹ ባይሆንም ጥግ ይዞ የተቀመጠ የለም። ሚዛኑን መረመረች፣ ጨው ውሃውን ቀየረች፣ እኔ ስቆጥር አጠገቤ ቆማ እሷም ቆጠረች። ልክ ነበርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሻይ ስንጠጣ፣ ደክሟት እየሳቀች፣ «እነዚህን አይጦች ማን ነው ቡና የሚያጠጣቸው?» አለች።

ቀልድ ነበር። እኔ ግን ብርጭቆዬን አስቀመጥኩት። ያ ሁሉ ገለባ፣ ያ ሁሉ መቆረጣጠም። የቡናው ኃይል በፍሬው ብቻ ሳይሆን በገለባውም እንዳለ በቡና አገር ያደግሁ ሰው እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ነገ እላለሁ አልኩ፤ ነገ ሲመጣ ዝምታው ትናንት ከነበረው ከበደ።

በመካከሉ ጥርጣሬው በወርቅነሽ ላይ ወደቀ። ወርቅነሽ ሲሪንጅና ጠርሙስ የምታዘጋጅልን የቤንች ሴት ነበረች፤ ጥንቁቅ፣ ዝምተኛ፣ ኮንትራቷ በየዓመቱ የሚታደስ። ሁለቱን ጠርሙሶች አደባልቃለች ተባለ። ነገሩ እስኪጣራ ወደ ክፍሉ እንዳትገባ ተነገራትና አትክልቱን እንድትኮተኩት ተደረገ። አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ።

«ጋሽ ኤልያስ፣ እኔ ጠርሙሶቹን አላደባለቅሁም። እርስዎ ያምኑኛል አይደል?»

«አምንሻለሁ» አልኳት።

«ተመስገን። አንድ ሰው ካመነኝ ይበቃኛል።»

ተሰናብታኝ ሄደች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ንቄ አላውቅም። ግን በማግስቱም አልተናገርኩም።

ጋሽ ሙሉጌታ የተመለሰው በዚያው ሳምንት ነው። አንዱ ዓይኑ ታሽጓል፤ ሌላውም እንዳይደክም ማንበብ ተከልክሏል። የሆነውን ሁሉ ሰምቶ ወንበር ሳበና ደብተሩን ወደ እኔ ገፋው።

«ከሄድኩበት ቀን ጀምረህ አንብብልኝ» አለ። «አንድ መስመር እንዳትዘል።»

አነበብኩለት። ዝናቡን፣ መብራቱን፣ ክብደቱን። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። «መኝታ ተቀይሯል» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ቆመ።

«ቀጥል» አለ።

«በቡና ገለባ» አልኩ።

«እሱም ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«የትኛው መደርደሪያ?»

«የታችኛው።»

አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ክንዴን ያዘ፣ ዓይኑ ስለማያይለት ይመስለኛል፣ ወይም እንዳልቀር ብሎ። «እንሂድ፤ አንተ ነህ የምትነግራት» አለኝ።

ዶክተር ሰላማዊት ስነግራት ተቀመጠች። ስንት ቀን እንደቆየ፣ የትኞቹ አይጦች እንደሆኑ፣ መቼ እንዳወቅሁ ጠየቀችኝ። የመጨረሻውን ስመልስ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዘጠኝ ቀን» አለች። «ገለባውን ማንም ሊሳሳተው ይችላል ጋሽ ኤልያስ። ዘጠኙን ቀን ግን አልገባኝም።»

ወርቅነሽን አስጠራቻት፤ በሁላችንም ፊት ይቅርታ ጠየቀቻት። ወርቅነሽ የቆሸሸ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሰማቻት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ፊቷን መለሰች። ከሷ ጋር እንደ ድሮው ለመነጋገር ወራት ፈጀብን፤ የታረቅነውም በቃል ሳይሆን አብሮ በመሥራት ነው።

የዚያ ዙር አይጦች ከዚያ በኋላ ለምንም የሚሆኑ አልነበሩም። በመድኃኒት እንዲያንቀላፉ ተደርገው ሞቱ። ጋሽ ሙሉጌታ እርሳሱን ሰጠኝና «የእያንዳንዱን ቁጥር ጻፍ፤ ከጎኑ ምክንያቱን ጻፍ» አለኝ። ከአርባ ጊዜ በላይ «በመኝታ ስህተት፣ ኤልያስ» ብዬ ጻፍኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ማልቀስ መጣብኝ። እሱ እስክጨርስ አጠገቤ ተቀመጠ። ዶክተር ሰላማዊት አዲስ አበባ እናቷ ጋ የተወቻት ትንሽ ልጅ ነበረቻት። በእኔ ምክንያት ሌላ ክረምት ተለያዩ።

ዙሩን እንደገና ሠራነው። ሰጋቱራውን ከሁለት አናጢ አጠራቀምን፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ከጋሽ ሙሉጌታ የባሰ ጸሐፊ ሆንኩ። ቁጥሩ እንደ ሙከራው ጊዜ ወጣ፤ የጨው ውሃዎቹ ጥግ ያዙ፣ የመድኃኒቶቹ እየባሰባቸው ሄደ።

ከዚያ የሚያስገርመው ክፍል መጣ። መድኃኒቱን አቋረጥን። ለሳምንታት ምንም አልተሰጣቸውም፤ በሉ፣ ወፈሩ፣ ተኙ። ላያቸው ሰው ከሌሎቹ አይለዩም። ቀኑ ሲደርስ በፊት ከሚሰጣቸው ያነሰ፣ በጣም ትንሽ ሰጠናቸው። መድኃኒቱን ከዚያ በፊት ያልቀመሱ አይጦች በዚያ መጠን ብዙም አልተነሡም። እነዚያ ግን ያቋረጡበት ቀን ትናንት የሆነ ይመስል ተወረወሩ።

ቀጥላ ከእነሱ መካከል ለጥቂቶቹ መድኃኒቱን ትታ ጨው ውሃ ብቻ እንድወጋቸው አዘዘችኝ። ሜዳው ውስጥ ሳስገባቸው ሮጡ። ምንም በሰውነታቸው የለም። ሳጥኑን አወቁት፣ መርፌውን አወቁት፣ ያ በቃቸው። በሌላ ክፍል፣ በሌላ ሳጥን ስንሞክራቸው ግን ይህን ያህል አልሮጡም።

ያን ቀን እጆቼን ታጥቤ በረንዳው ላይ ስቀመጥ ያሰብኩት ስለ ወንድሜ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ታምራት ሾፌር ነው። ከቴፒ ቡና ጭኖ በሚዛን አድርጎ አዲስ አበባ የሚመላለስ አይሱዙ ይነዳ ነበር። ጫቱን የጀመረው መንገድ ላይ እንቅልፍ ለማባረር ነው፤ ቆይቶ ያለ ጫት ቁልፉን የማያዞር ሆነ። በመጨረሻ ለቀናት አልተኛም፣ ሰዎች ይከተሉኛል አለ፣ ከራሱ ጋር ማውራት ጀመረ። ጅማ ታክሞ ወጣና እናታችን ቤት፣ ቴፒ አጠገብ፣ ወራት ያለ ጫት ቆየ። ፊቱ ተመለሰ። የድሮው የመኪና ባለቤት «ና፣ አይሱዙህ ትጠብቅሃለች» ብሎ ሲልክበት ሁላችንም ደስ አለን። እናታችን ጸሎት አደረሰች።

ለዶክተር ሰላማዊት ነገርኳት። «አይሂድ ልበለው?» ስል ጠየቅኋት።

«ይጠንቀቁ» አለችኝ። «አይጡ ጥያቄ እንድንጠይቅ ይረዳናል፤ ስለ ወንድምዎ መልስ አይሰጥም። ወንድምዎ የሚያፍረው ነገር አለው፣ የሚወደው ሰው አለው። አይጡ ይህ የለውም። ቢያነጋግሩት ግን አይከፋም።»

ቅዳሜ ተሳፍሬ ቴፒ ሄድኩ። እናታችን ደጅ፣ የቡናው ጥላ ሥር ተቀምጠን ነገርኩት። ስለ ሜዳው፣ ስለ ዕረፍቱ፣ ስለ ትንሿ መጠን። ያንኑ መኪና፣ ያንኑ መንገድ አትመለስበት አልኩት። ንግግሬ ግን ከጥንቃቄ ይልቅ ትምህርት ይመስል ነበር መሰለኝ።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሰው ሁሉ እብድ ብሎኛል። አይጥ ያለኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ተነሥቶ ሄደ። በሳምንቱ አይሱዙዋ ላይ ወጣ። እንደፈራሁት ወደ ጫቱ ተመለሰ፤ ከፈራሁትም ፈጥኖ። መቃሙን የተወበትን ወራት ያህል አልፈጀበትም። መኪናዋን ገደል አፋፍ ላይ ግማሽ ጎማ አንጠልጥሎ አቆማት፤ ሰው አልተጎዳም። ባለቤቱ ቁልፉን ተቀበለው።

አንድ ቀን ከቀትር በፊት ሳልጠብቀው ላቦራቶሪው ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ከስቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«የነገርከኝን አሳየኝ» አለኝ።

ጋሽ ሙሉጌታን አስፈቀድኩና አስገባሁት። የዚያን ዕለት ሥራ ነበረኝ፤ ከቀሩት የመድኃኒት አይጦች አንዱን በጨው ውሃ የምፈትንበት ቀን። ታምራት ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አይጡን መዘንኩ፣ ወጋሁት፣ ሜዳው ውስጥ አስቀመጥኩት። መሮጥ ጀመረ። መቁጠሪያው እጄ ላይ ይንጫጫል። ታምራት ቀስ ብሎ ተጠጋና ሳጥኑ ላይ አጎነበሰ።

«ምን ሰጠኸው?»

«ጨው ውሃ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ከወር በላይ ሆኖታል።»

«ታዲያ ምን ያስሮጠዋል?»

«ቦታውን አውቆት ነው።»

ግማሹ ሰዓት እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም። አይጡን አውጥቼ ወደ ቤቱ ስመልሰው በዓይኑ ተከተለው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ጅማ ተኝቼ ስወጣ ምንም አላማረኝም ነበር። እናታችን ቤትም። ሚዛን መናኸሪያ ስገባ፣ የረዳቶቹን ጩኸት ስሰማ፣ የናፍጣው ሽታ ሲመጣ፣ ገና ሳልቀምስ ልቤ መምታት ጀመረ። ደካማ ስለሆንኩ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«እኔም አይጥ ነህ ማለቴ አልነበረም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «አንተ መናገር አትችልበትም። እሱ ይሻላል።» ወደ ሳጥኖቹ ጠቆመ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

ጋሽ ሙሉጌታ ደብተሩ ላይ «እንግዳ ገብቷል፣ የኤልያስ ወንድም፣ በጸጥታ ቆሞ ተመልክቷል» ብሎ ጻፈ።

ታምራት ማሻ ሄደ። የማር ማኅበር ያለው የሚስቴ ዘመድ ነበረ፤ ከጫካ የሚመጣውን ማር የሚቀበልና የሚያጣራ ሰው ይፈልግ ነበር። መኪና የለበትም፣ መናኸሪያ የለበትም፤ ብርድና ጭጋግ ነው። ነገሩ ግን እንደ ተረት በአንድ ጊዜ አልሆነም። ሁለት ጊዜ ወድቋል። አንዴ ለአንድ ወር ጠፍቶ ማኅበሩ ሊያሰናብተው ነበር፤ ሄጄ ለምኜ መለስኩት። በሁለተኛው ጊዜ ግን ራሱ ነው ስልክ ደውሎ ሐኪም ጋ እንድወስደው የጠየቀኝ። እዚያው ትዳር ያዘ።

ዶክተር ሰላማዊት ጥናቷን ጨርሳ ልጇን ይዛ ሌላ ከተማ ተዛወረች። ስትሄድ ከተሰናበተቻቸው ሁሉ የመጨረሻው እኔ ነበርኩ። «ዘጠኙን ቀን ይቅር ብያለሁ» አለችኝ። ጋሽ ሙሉጌታ ሁለተኛው ዓይኑም ደክሞ ሥራውን ተወ፤ ልጁ ቤት እየሄድኩ ጋዜጣ አነብለት ነበር፣ መስመር ሳልዘል፣ እስኪሞት ድረስ። ወርቅነሽ የቤቱ ኃላፊ ሆነች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መቁጠሩ በካሜራ ሆነ፤ እኔ የሚቀረኝ መመዘን፣ ማጽዳትና ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ መስማት ነበር። ቁልፉን ያስረከብኩት ለሷ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ታምራት ደወለ። ከማሻ መጥቶ ከተማው መግቢያ ላይ ወርዷል፣ ከመናኸሪያው ገና ሩቅ በሆነ ቦታ። ስደርስ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁት፤ የማር ጀሪካን ትከሻው ላይ፣ ጫማው ጭቃ።

«ትንሽ ላስለፋህ ነው ጋሼ» አለኝ። «እስከ መናኸሪያው ድረስ መሄድ አሁንም አልቻልኩም።»

«ማን ሂድ አለህ?» አልኩት።

ጀሪካኑን ተቀበልኩትና በወንዙ በኩል ባለው መንገድ ወደ ቤት ሄድን።